አዲሱ ጥርሴ አሮጌውን በላብኝ!

መቼም እዚህ ገጽ ላይ ስንገናኝ ወሬያችን ሁሉ ስለ ልብ ነው። ማን ማንን ወደደ፣ ማን ማንን ከዳ... ዛሬ ግን ከልብ ጉዳይ ትንሽ ወጣ ብዬ ስለ አፍ ጉዳይ ላጫውታችሁ። አደራ! “ጥርስ ደግሞ ምን ወሬ አለውና!” ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። እኔም እንደ እናንተ ነበርኩ። ደርሶብኝ ነው የገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2010 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ በስተግራ በኩል ያለ የታችኛው መንጋጋዬ ክፉኛ ታመመ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የጥርስ ሥር ሕክምና ተደረገልኝ፤ ማለትም ውስጡ ያለው ነርቭ ወጥቶ ተደፈነ። ከዚያም ጥርሱ እንዳይሰበር ክራውን ገባለት። ክራውን ማለት ጥርሱን ዙሪያውን ሞርደው ከላይ እንደ ባርኔጣ የሚያለብሱት ሽፋን ነው። የእኔው ውስጡ ብረት፣ ላዩ ፖርሰሊን ነበር። ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሚያምር!

በተገጠመልኝ ቀን ሐኪሙ ቀለም ያለው ስስ ወረቀት በጥርሶቼ መሀል አድርጎ “ንከሺ” አለኝ። ነከስኩ። “ከፍ ብሏል” አለና በማሽኑ ዝርርር አድርጎ ከላዩ ቀነሰለት። “አሁንስ?” “ትንሽ ይነካኛል።” እንደገና ዝርርር። “አሁንስ?” “አሁን ደህና ነው።” በቃ! ተነሣሁ፣ ሂሳቤን ከፈልኩ፣ ወጣሁ። መንገድ ላይ በምላሴ ስነካው አናቱ ሻከር አለኝ። እንደ ድመት ምላስ ዓይነት። “ይለመዳል” ብዬ ተውኩት። እውነትም ለመድኩት። ምላሴ ለመደው ማለቴ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው የላይኛው ጥርሴ ግን አልለመደውም ኖሯል!

ጉጉፍቱ ላይ የመጣው መብረቅ

አምስት ዓመት አለፈ። በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ ታናሽ እህቴ ሽማግሌ ተልኮላት ስለነበር ወደ ቤተሰቦቻችን አብረን ሄድን። አገራችን መካነ ሰላም ነው፤ ከደሴ ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከመውረዳችሁ በፊት የምታገኟት የቦረና ከተማ። ደሴ አድረን በጠዋት ተነሣን። ጉጉፍቱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በጠዋት የሚነፍሰው ብርድ ሥጋ አልፎ አጥንት ይነካል። ከኋላዬ የተቀመጡ ሰውዬ መስኮት ከፈቱ። ነፋሱ አፌ ውስጥ ሲገባ ከግራ ጉንጬ እስከ ዐይኔ ድረስ አንዳች መብረቅ የመሰለ ነገር ወጋኝ። ጮህኩ!

እህቴ “ምን ሆንሽ?” አለችኝ። “ያ የታከምኩት ጥርስ ተነሣብኝ” አልኳት። ቆይቼ ሳስበው ግን ነገሩ አልገጠመልኝም። ያ ጥርስ እኮ ነርቩ ወጥቷል! ነርቭ የሌለው ጥርስ ብርድ በምን ያውቃል? አቃስታ እስክንደርስ በምላሴ ስፈልግ ቆየሁ። በመጨረሻ አገኘሁት። የሚጮኸው የታችኛው ሳይሆን ከላይ ያለው፣ ማንም ነክቶት የማያውቅ ጤነኛ የነበረው ጥርሴ ነው።

“ይሄን ማን ወቀረው?”

ቤት ስንደርስ ቡና ተፈልቷል፣ የገብስ ቆሎ ከባቄላ ጋር ተቆልቷል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። የእናቴ ታላቅ እህት አሉ። እኛ ሁላችን እትዬ ነው የምንላቸው። እትዬ በወጣትነታቸው ጅዳ ሠርተው የተመለሱ፣ ሲስቁ ከላይ ከውሻ ክራንቻቸው ቀጥሎ አንድ የወርቅ ጥርስ ብልጭ የሚልባቸው ሴት ናቸው። እኔና እህቴ ልጆች ሆነን በዚያ ጥርስ እንቀና ነበር። አድገን አዲስ አበባ ስንገባ ደግሞ “የድሮ ፋሽን” እያልን እንስቅበት ጀመር። እግዜር ይቅር ይበለን!

አንድ እፍኝ ቆሎ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ገና ሁለት ጊዜ እንዳላመጥኩ ያ መብረቅ ተመለሰ። ጉንጬን ይዤ ዝም አልኩ።

“ምነው ልጄ? ምን አገኘሽ?” አሉ እትዬ።

“ጥርሴን ነው እትዬ።”

“አዲሱን?”

“ኧረ አዲሱስ ደህና ነው። ከላይ ያለው ነው የሚያመኝ።”

“ነይ ወዲህ። አፍሽን ክፈቺ!”

በእህቴ ስልክ መብራት ከላይም ከታችም አዩኝ። እጃቸውን ታጥበው በሌባ ጣታቸው ያንን ነጭ ክራውን ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ከዚያ ቀና ብለው እናቴን አዩና፣

“ይሄን ማን ወቀረው?” አሉ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ! ከተማ ላደጋችሁት ላስረዳ። የእጅ ወፍጮ ስትፈጭበት ኖረህ ፊቱ ሲለሰልስ እህሉ ይንሸራተታል እንጂ አይደቅም። ያኔ ወፍጮው ይወቀራል። በድንጋይ ወይም በብረት ፊቱን ደቅ ደቅ እያደረጉ መልሰው ያሻክሩታል። የተወቀረ ወፍጮ ይበላል፤ እህሉንም፣ መጁንም።

“አየሽ” አሉ እትዬ፣ “ይሄ ጥርስ ተወቅሯል። ከላይ ያለው ደግሞ መጁ ነው። የተወቀረ ወፍጮ ላይ ስትፈጪ ኖረሽ መጁ ለምን አለቀ ትያለሽ? አብሽሪ፣ አሁንም ብዙ አልሄደም። ይልቅ የኔን እዪው።” የወርቁን ጥርስ አሳዩኝ። በ1980ዎቹ ጅዳ ጥርሳቸው ተሰብሮ ያሠሩት ነው። ወርቁ ራሱ ፊቱ ትንሽ ተበልቷል። ከሥሩ ያለው የራሳቸው ጥርስ ግን ዛሬም ድርሻውን ይዞ ቁጭ ብሏል። ስንት ዓመት ቆሎ የቆረጠሙበት ጥርስ!

እኔ በድሮ ፋሽን ስስቅ የኖርኩት ዝም አልኩ።

ሐኪሟስ ምን አለች?

ለእትዬ አክብሮት ቢኖረኝም ያለ ባለሙያ ቃል አልመለስም ብዬ አዲስ አበባ እንደገባሁ ሌላ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዶክተሯ በአጉሊ መነጽር ካየችኝ በኋላ የእትዬን ፍርድ አጸደቀች። የክራውኑ ፊት ተሞርዶ ሳይለሰልስ ቀርቷል። ከላይ ያለው ጥርሴ አናቱ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ መሀሉ ላይም ቢጫ ነጠብጣብ መሰል ነገር ወጥቷል። ያ ቢጫ ነገር ዴንቲን ይባላል። ነጩ ሽፋን ሲያልቅ የሚታየው የውስጠኛው ክፍል ነው፤ ብርድና ሙቀት ወደ ነርቩ የሚያደርሱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። የጉጉፍቱ ብርድ በዚያ ነው የገባው!

“ግን ደግሞ” አለች ዶክተሯ፣ “ጥፋቱ ሁሉ የክራውኑ አይደለም። ሌሊት ጥርስሽን ታፋጫለሽ?” እኔ ምን አውቃለሁ! እህቴን ስጠይቃት “አብሬሽ ባደርኩ ቁጥር ወፍጮ ቤት ያደርኩ ነው የሚመስለኝ” አለችኝ። እንግዲህ ሻካራ ጥርስ አለ፣ ሌሊት የሚያፋጭ መንጋጋ አለ። ሁለቱ ሲገናኙ ውጤቱ እኔን ነው የሚመስለው።

አሁን ከዶክተሯ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። የጥርሳችን ነጭ ሽፋን ኢናሜል ይባላል። በሰውነታችን ውስጥ ካለ ነገር ሁሉ እጅግ ጠንካራው እሱ ነው፤ ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው። ግን አንድ ጉድለት አለበት፤ አንዴ ከሄደ አይመለስም። አጥንት ቢሰበር ይገጥማል፣ ቆዳ ቢቆረጥ ይሽራል፣ ጥፍር ቢቆረጥ ያድጋል። ኢናሜል ግን የሚሠራው ጥርሱ ከመብቀሉ በፊት ነው። የሠሩት ሴሎች ጥርሱ ሲወጣ ያልቃሉ። ውፍረቱም በመንጋጋ ጥርስ ጫፍ ላይ ቢበዛ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። የዕድሜ ልክ ስንቃችሁ ይኸው ነው!

ጥርስ ከጥርስ ጋር እየተነካካ ማለቁ በራሱ በሽታ አይደለም። የማንኛውም ጤነኛ ሰው መንጋጋ በዓመት ከ20 እስከ 40 ማይክሮ ሜትር ያህል ይበላል። ይህ ከአንድ የጸጉር ዘለላ ውፍረት ያነሰ ነው። በዚህ ፍጥነት ቢሄድ ለሽምግልና ይበቃል። የጥንት ግብፃውያን ሬሳ ሲመረመር ጥርሳቸው እጅግ አልቆ የሚገኘው ከዳቧቸው ጋር አሸዋና የድንጋይ ብናኝ ስለሚበሉ ነው ይባላል። የእኛም እናቶች ወፍጮ ከተወቀረ በኋላ የመጀመሪያውን ዱቄት የሚደፉት ያለ ነገር አይደለም። አፍ ውስጥ የገባ ሻካራ ነገር ሁሉ ከዚያች ከ2 ሚሊ ሜትር ስንቅ ላይ ይቀንሳል። ሻካራው ነገር ራሱ ጥርስ ሆኖ 24 ሰዓት አፍ ውስጥ ከተቀመጠማ...

የሲኒው ምስጢር

“ጥርሱ ጠንካራ ስለሆነ ነው የበላኝ?” ብዬ ጠየቅኋት። ብዙ ሰው እንደዚህ ነው የሚያስበው። ዶክተሯ ሳቀችና፣ “ቤታችሁ ቢላ ሲደንዝ በምን ትስሉታላችሁ?” አለችኝ።

“በሲኒ ቂጥ ነዋ!”

“በሲኒው ከንፈርስ ለምን አትስሉትም?”

ይሄኔ ነገሩ ቦግ አለልኝ። ሲኒው አንድ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ያው ፖርሰሊን። ከንፈራችን የሚነካው ቦታ መስተዋት የመሰለ ልባስ ስላለው ልስልስ ነው፣ ማንንም አይጎዳም። ቂጡ ላይ ግን ያ ልባስ የለም። እርቃኑን የቀረው ፖርሰሊን ብረት ይሞርዳል! የጥርስ ክራውንም እንዲሁ ነው። ከላቦራቶሪ ሲመጣ በመስተዋት መሰል ልባስ ተሸፍኖ ነው። ሐኪሙ ከፍታውን ለማስተካከል በማሽን ሲሞርደው ልባሱ ይነሣል፤ የሲኒው ቂጥ ይወጣል። መልሶ በደንብ ካልተወለወለ ፊት ለፊቱ ያለው ጥርስ ቢላ ሆነ ማለት ነው። ልዩነቱ ቢላ ይሳላል፣ ጥርስ ግን ያልቃል።

እናም ዋናው ነገር ይህ ነው ወዳጆቼ! የሰው ጥርስ የሚበላው የሽፋኑ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያም በላይ ሻካራነቱ ነው። እስቲ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ወርቅ። ለጥርስ የሚሠራው ወርቅ ከሌሎች ብረቶች ጋር የተደባለቀ ነው። ከኢናሜል ስለሚለሰልስ ፊት ለፊቱ ያለውን ጥርስ አይጎዳም። አንዱ መሸነፍ ካለበት ራሱ ይሸነፋል። የእትዬ ጥርስ ምስክር ነው። ግን ልብ በሉ፣ የወርቅ ቀለም ያለው ሁሉ ወርቅ አይደለም። ለጌጥ ብለው ጤነኛ ጥርስ ላይ የሚያጠልቁት ያልገጠመ ሽፋን ደግሞ ሥሩ ምግብ እያጠራቀመ ጥርሱን ያበሰብሳል።

ጥቁሩ ሙሊት። አማልጋም የሚባለው ነው። ፊት ለፊቱ ላለው ጥርስ የማይከፋ፣ ብዙ ዓመት የሚያገለግል ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት አጠቃቀሙ እየቀነሰ እንዲሄድ ጠይቋል። የአውሮፓ ኅብረትም ከጥቂት የሕክምና ምክንያቶች በቀር እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 መጀመሪያ ጀምሮ ከልክሎታል። ይህን ሰምታችሁ ግን ደህና የተቀመጠ ሙሊት “አውጡልኝ” ብላችሁ እንዳትሮጡ። በሚወጣበት ጊዜ የሚተነው ሜርኩሪ ይብሳል፣ ጤነኛ ጥርስም አብሮ ይነሣል።

ነጩ ሙሊት። ኮምፖዚት ይሉታል። ሙጫ መሰል ፕላስቲክና ደቃቅ የመስተዋት ብናኝ የተቀላቀለበት ነው። የድሮዎቹ ብናኛቸው ትልልቅ ስለነበር ይሞርዱ ነበር። የዛሬዎቹ ግን እጅግ ደቃቅ ናቸው። ለጎረቤታቸው ደጎች ናቸው፤ ግን ራሳቸው ቶሎ ሊያልቁ ወይም ሊሸረፉ ይችላሉ።

ፖርሰሊን። ውበቱን ማንም አይደርስበትም። የጥርስን ቀለም፣ ብርሃን ማሳለፉን ሳይቀር ይመስላል። ነገር ግን ለትይዩ ጥርስ ከሁሉም የሚከፋው ይህ፣ በተለይም ልባሱ ከተነሣ በኋላ ነው። ልባሱ ባይሞረድ እንኳ በማኘክ ብዛት ከጊዜ በኋላ ሊያልቅ ይችላል።

ዚርኮኒያ። ይኼ ያስገርማችኋል። ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ በየቦታው የገነነው ነጭ ሴራሚክ ነው። ቪከርስ በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ ኢናሜል ከ300 እስከ 350 አካባቢ ሲሆን ዚርኮኒያ 1200 አካባቢ ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ! “እንግዲህ ይሄ ጥርስ ይጨርሳል” አትሉም? ሐኪሞችም መጀመሪያ እንደዚያ ፈርተው ነበር። በላቦራቶሪ ሲሞከር ግን በደንብ የተወለወለ ዚርኮኒያ ፊት ለፊቱ ያለውን ኢናሜል የሚበላው ከፖርሰሊን ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ደቃቅ ስለሆነና አንዴ ከለሰለሰ ለስላሳ ሆኖ ስለሚቆይ ነው። ሳይወለወል በልባስ ብቻ የተሸፈነው ግን ልባሱ ሲላጥ ይሞርዳል። አያችሁ? እንደገና ወደ ሲኒው ተመለስን!

ሳይቸግር ጤፍ ብድር

አሁን ወደ እህቴ ልመለስ። ለካ እሷ ያን ቡና ላይ እየሳቀች ስትሰማ ሆዷ ውስጥ ሌላ ነገር ነበራት። ለሠርጓ ብላ ስምንቱን የፊት የላይኛ ጥርሶቿን ልታስሞርድና ነጭ ክራውን ልታስለብስ አንድ ቦታ ቀብድ ከፍላለች። በቲክቶክ ያየችው ፈገግታ አለ። አንዷ ጥርሷ ትንሽ ዘወር ብላለች፤ ቀለማቸው እንደ ወረቀት አልነጣም፤ በቃ! ሌላ ምንም የላቸውም። በወይራ መፋቂያ ያደጉ፣ አንድም ቀዳዳ የሌላቸው ጥርሶች ናቸው።

“ተይ” አልኳት።

“አንቺ ሠርግሽ ስላለፈ ነው። ቀናሽብኝ እንዴ?” አለችኝ። ሁለት ቀን ተኮራረፍን። መቼም ለሙሽራ ጥርስ “ተይው” ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፎቶው የዕድሜ ልክ ነው፤ እሷም ዕድሜ ልኳን ስትስቅ አፏን በእጇ ስትሸፍን ነው የኖረችው። ያንን እኔ አላውቅም ነበር። እህቴ ሆና አላውቅም ነበር! “ያቺን ዘወር ያለች ጥርስ ትምህርት ቤት እያለሁ ሲስቁብኝ አንቺ የት ነበርሽ?” ስትለኝ መልስ አጣሁ።

በመጨረሻ “እሺ አታስጭኚው አልልሽም፤ ግን እኔን ያየችኝን ዶክተር ጠይቂያት” ብዬ ይዣት ሄድኩ። ዶክተሯ አልተቆጣቻትም። መስተዋት ሰጥታ “ንከሺና እዪ” አለቻት። የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጫፍ የላይኞቹን ጀርባ ሲነካ አሳየቻት። “ስምንቱን ክራውን ስታለብሻቸው ይሄ ጀርባ ሁሉ ሴራሚክ ይሆናል። የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ደግሞ በአፍ ውስጥ ካሉት ሁሉ ትንንሾቹ ናቸው። ሥራው ከሰመረ ምንም ላይሆኑ ይችላሉ፤ ካልሰመረ ግን ነክተን የማናውቃቸው ጥርሶችሽ ናቸው ዕዳውን የሚከፍሉት” አለቻት። ደግሞም ለክራውን ሲባል ከጥርሱ ዙሪያ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር እንደሚሞረድ፣ ስስ ሽፋን ቬኒር ቢሆን እንኳ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ እንደሚነሣ፣ እሱም እንደማይመለስ ነገረቻት። ሽፋኖቹም የዘላለም አይደሉም፤ አንድ ቀን ይለወጣሉ። በ25 ዓመቷ የጀመረች በዕድሜዋ ስንት ጊዜ ልትለውጥ ነው?

“ታዲያ ማንም አያሠራ ነው የምትይው?” አለች እህቴ።

“ለምን? የተሰበረ፣ ብዙ የተበላ፣ ሥሩ የታከመ ጥርስ ክራውን ያስፈልገዋል። በስምጥ ሸለቆ በፍሎራይድ የበዛበት ውኃ ጥርሱ ቡናማ የሆነበት ወጣትም ሽፋን ቢያስደርግ ምክንያት አለው። አንቺ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው የሚሆንብሽ።”

እህቴ ዝም ብላ ወጣች። ማታ ደወለችልኝ። “ቀብዱን አይመልሱልኝም” አለችኝ። ገባኝ! ቀብዷ ቀለጠ፣ ጥርሶቿ ተረፉ። ጥርሷን አሳጠበች፣ ዘወር ያለችውን ጥርስ ዶክተሯ ሳትሞርድ በትንሽ ነጭ ሙሊት ቅርጽ አስተካከለችላት። በሠርጓ ፎቶ ላይ እጇ አፏ ላይ የለም። እትዬም አጠገቧ ቆመው ወርቃቸው ብልጭ ብሎ ይታያል። እሱ ፎቶ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል።

እናንተስ ምን ታድርጉ?

የእኔ መጨረሻ ቀላል ነበር። ዶክተሯ ክራውኑን በጎማ መሰል መወልወያና በአልማዝ ብናኝ ቅባት ስትወለውለው የፈጀባት አንድ ስኒ ቡና ተጠጥቶ እስኪያልቅ ያለውን ጊዜ ነው። ያን ያህል ብቻ! በ2010 ዓ.ም. ያ ቢደረግ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ። ከላይ ያለውን ጥርሴን በነጭ ሙሊት ሸፈነችልኝ፤ ሌሊት የማጠልቀው የፕላስቲክ መከላከያም አሠራችልኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለሐኪምም ለታካሚም ይሠራል። እሱ ቸኮለ፣ እኔም “ሻክሮኛል” ለማለት አፈርኩ።

እናንተ ግን አትፈሩ፣ አትፈሩም! ክራውን ወይም ሙሊት የምታሠሩ ከሆነ እነዚህን ያዙልኝ።

አንደኛ፣ ከመጀመራችሁ በፊት “ከምን ነው የሚሠራው? ለምንስ እሱ ተመረጠ?” በሉ። ለኋላ መንጋጋ ማንም የማያየው ጥርስ ውበት ይቅደም ወይስ የጎረቤቱ ጤና? አብራችሁ መክሩበት።

ሁለተኛ፣ ሐኪሙ ከገጠመ በኋላ በማሽን ከሞረደው “አሁን ይወልውሉልኝ” በሉ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ከወንበሩ ሳትነሡ በምላሳችሁ ዳብሱት። ከሻከራችሁ ንገሩ። የአዲስ አበባ ልጅ ነገ ሊመለስ ይችላል። ከመካነ ሰላም፣ ከወግዲ ወይም ከአጅባር ደሴ ድረስ ሄዶ የታከመ ሰው ግን ለአሥር ደቂቃ ማለስለስ ያን ሁሉ መንገድ አይመለስም። ስለዚህ እዚያው ይለቅ።

ሦስተኛ፣ ለምርመራ ስትሄዱ አዲሱን ጥርስ ብቻ አታሳዩ። ፊት ለፊቱ ያለውንም “እስቲ ይዩልኝ” በሉ። አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣ፣ ብርድ የሚወጋው ጥርስ እርዳታ እየጠራ ነው።

አራተኛ፣ ጠዋት ስትነሡ መንጋጋችሁ ከደከማችሁ ወይም አብሮ የሚያድር ሰው “ጥርስህን ታፋጫለህ” ካላችሁ ከማሠራታችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ። የሚያፋጭ ሰው መከላከያ ያስፈልገዋል።

አምስተኛ፣ ኢናሜልን የሚያለሰልስ አሲድ ቀንሱ። ጫት እየቃሙ ለስላሳ ሲመጡ መዋል፣ ሎሚ መምጠጥ፣ ኮካ እንደ ውኃ መጠጣት... በአሲድ የለሰለሰ ጥርስ ላይ ሻካራ ክራውን ሲጨመር በቁስል ላይ እንጨት ስደድበት ማለት ነው። አሲድ ነገር እንደጠጣችሁም ወዲያው አትቦርሹ፤ በውኃ ተጉመጥምጣችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ።

ለነገሩ ይህ የጥርስ ብቻ ወሬ ይመስላችኋል? እኔ ሳስበው በእኛ ዘመን ብዙ ነገር እንደዚህ ነው። አዲስ ነገር ስናስገባ “ያምራል ወይ?” እንላለን እንጂ “አጠገቡ ያለውን ምን ያደርገዋል?” አንልም። እትዬ ያንን ጥያቄ የጠየቁት ያለ አጉሊ መነጽር ነው።

በሉ እንግዲህ፣ አሁን ገጹን ከማጠፋችሁ በፊት አንድ ጊዜ ምላሳችሁን በጥርሶቻችሁ ላይ አሳልፉት። የሚሻክር ካለ... ታውቃላችሁ። ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ጥርሳችሁ ለቆሎ፣ ፈገግታችሁ ለወዳጅ ይትረፍ። ደህና ሰንብቱ!